እሩሯ ሳትቋጠር

ይጁቤ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለአበረ፣

ከጎሐ ጽዮን የላክኸው ወረቀት በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም በገበያተኛ እጅ ይጁቤ ደርሶልኛል። ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደኅና እንዳልሆንህ ከጽሕፈትህ ለይቼዋለሁ። ዳዊት ሳስደግምህ ፊደልህ ያጋድላል እያልሁ ስንት ጊዜ ጆሮህን ቆንጥጬሃለሁ? አሁንማ ጭራሽ ተኝቷል። ብዕሩን እንደ ዶማ እጀታ አትጨብጠው።

እኛ አለን። ጥምቀት በሰላም ወጣ፤ ታቦቱ ሲመለስ ካፊያ ነካን እንጂ ሌላ ነገር አልገጠመንም። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ባለቤቴ የብርጓል ወገቧን አሟት ሰንብታ አሁን ቀና ብላለች። እናትህን ስሜነሽን ገበያ ላይ አየኋት። ጤናዋ ደኅና ነው፤ ብቻ ስታየኝ ዐይኗን መሬት ተክላ አለፈች። በገና ጨዋታ ዕለት መስኩ ላይ ጥለኸው የሄድኸውን ዱላ ሰው አንሥቶ ባላምባራስ ካሴ ቤት አስቀምጦታል።

ሌላም ነገር ጠይቀኸኛል። እሱ ጊዜ አለው። ለአሁኑ ካለህበት ንቅንቅ አትበል፤ ዓባይን ተሻግረህ ደጀን ድረስ እንኳ እንዳትመጣ። የመንገድ ሥራው ጉልበት ይጨርሳል ብለሃል። ይጨርስ። ድንጋይ ስትፈልጥ ዋል፣ ደክሞህ ተኛ። ሌላ የምመክርህ የለኝም።

ወረቀቱን የሚወስደው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛልና እዚህ ላይ ልተወው።

መምህርህ
መሪጌታ አካለ ወልድ


ጎሐ ጽዮን፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለመሪጌታ አካለ ወልድ፣

የኔታ፣ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ወረቀትዎን እስኪሸበሸብ ድረስ አነበብሁት። ስለ ጥምቀት ጻፉልኝ፣ ስለ ገብሱ ጻፉልኝ፣ ስለ እመት የብርጓል ወገብ ጻፉልኝ። እኔ የጠየቅሁዎ አንድ ነገር ነበር። ደምለው ተሻለው ወይ ነበር ያልሁት። የልጅዎን ስም ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አልጠሩትም። እርስዎ ስም የሚዘሉ ሰው አይደሉም፤ በጸሎት ላይ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በክርስትና ስሙ እየጠሩ ሰውን እግሩ እስኪደነዝዝ ያቆሙት የለም? ስለዚህ ገባኝ። ገብቶኝም ያን ቀን ሥራ አልወጣሁም።

የኔታ፣ ምን ብዬ ይቅርታ እለምንዎ? ከእርስዎ እግር ሥር ተቀምጠን በአንድ ዳዊት ያነበብን ነን። እሱ ቀድሞኝ ይጨርስና እኔን ሲጠብቅ ገጽ አይገልጥም ነበር። 

የሆነውን ግን ከእኔ ይስሙት፤ ሰው ብዙ ያወራልና። እኛ የታች ሰፈሮቹ እየተሸነፍን ነበር። እሩሯ ወደ እኔ ስትንከባለል አገኘኋትና ያለኝን ጉልበት ሁሉ ሰብስቤ መታኋት። ደምለው ከላይ ሰፈር ወገን ከፊቴ እየሮጠ ነበር። በመሬት ትሄዳለች ያልኋት እሩር ተነሣች፤ እሱም ያን ጊዜ ዞር አለ፤ ጆሮ ግንዱን መታችው። ሲወድቅ ዱላዬን ወዲያ ጥዬ ተሸከምሁት። ሰዎች ከኋላዬ ተው፣ ተው ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ምኑን ነው የምተወው? ሰው ወድቆ እያየሁ? ከመስኩ አውጥቼ በጀርባዬ ቤትዎ አገባሁት። ከዚያ ትልቁ ልጅዎ አንሙት መጣብህ አሉኝና እናቴ በጓሮ አስወጣችኝ። ይኸው ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ከመሞቱ በፊት የተናገረው አለ? አንሙትስ ምን ይላል?

ልጅዎ
አበረ


ይጁቤ፣ ሚያዝያ ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለአበረ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ፋሲካን ከማን ጋር ፈሰክህ? እኛ በጉን ለጎረቤት ሰጠነው።

አዎ፣ ደምለው ሞቷል። ጥር አንድ ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ። ያኔ ያልጻፍሁልህ አንተን ላሞኝ ብዬ አይደለም። በስንቱ አስከሬን ላይ ፍትሐት ደርሻለሁ፤ የገዛ ልጄን ስም "ሞተ" ከሚል ቃል ጋር አንድ መስመር ላይ ማሳረፍ ግን አቃተኝ። ብዕሩን ሦስቴ አነሣሁት፣ ስለ ገብስ ጻፍሁ።

ተናግሯል ወይ ላልኸኝ፣ ተናግሯል። ስለ አንተ አይደለም። "እሩሯ የት ደረሰች?" አለ። ከዚያ ውኃ ለመነ። ከዚያ በኋላ የሰማነው ትንፋሹን ብቻ ነው።

አንሙት የሚለውን ደግሞ ተቀምጠህ አንብበው። የመስኩን ሕግ ታውቃለህ፤ በገና ጨዋታ ለተመታ ደም አይጠየቅም፣ የመታውም ጠላት አይባልም። ግን ሕጉ የሚሸፍነው ዱላው ከእጁ ያልወጣ ሰው ነው፤ ሽማግሌው እሩሯን አንሥቶ በጋቢው ጫፍ እስኪቋጥራት ድረስ። ሳትቋጠር ዱላውን ጥሎ የወጣ ከጨዋታው ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ተው፣ ተው ይሉህ የነበረው ይህንን ነበር። አንተ ዱላህን ጣልህ። ጥለህም አልበቃህ፣ ልጄን ከመስኩ አወጣኸው። ሽማግሌው ባላምባራስ ካሴ ግራ ተጋባ፤ የቆመ ጨዋታ እንዴት ይቋጠራል ብሎ እሩሯን እንዲሁ ይዟት ገባ። እስካሁን ከቤቱ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥላለች።

አንሙት ይህን ይዞ ቆሟል። ወንድሜ የሞተው ከጨዋታ ውጪ ነው፣ ስለዚህ ደም አለው ይላል። ሽማግሎቹ ዋሉ፣ ዋሉ፤ መልስ አላገኙለትም፤ በሕጉ ከሄድን እውነቱን ነውና። ከቀብሩ ወዲህ ጠጉሩን አልተላጨም። በሬውን ሸጦ ምንሽር ጠመንጃ ገዝቷል። ካሳ ተቀበል ቢሉት ትቷቸው ወጣ።

አሁን ልቆጣህ ነው፣ ስማኝ። ዱላህን እንደ ያዝህ ብትቆም ምን ነበረበት? የሚሸከመው ሰው ጠፍቶ ነው? መስኩ ዙሪያ ሰው ሞልቶ አልነበረም? የደግነት ቀን አጥተህ ያን ቀን መረጥህ? ብስጭቴ መውጫ አጥቶ ተማሪዎቹን ስገርፍ እውላለሁ። ደግሞ ይህን እየጻፍሁ የገባህበት ሰዓት ትዝ ይለኛል፤ ነጠላህ በደም ርሶ፣ "የኔታ ይተነፍሳል፣ ይተነፍሳል" እያልህ። ታዲያ ምን ላድርግህ?

መሪጌታ አካለ ወልድ


ጎሐ ጽዮን፣ ነሐሴ ፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

የኔታ፣

በሰኔ የጻፉልኝ በክረምቱ ምክንያት ዘግይቶ ደረሰኝ። መንገዱ ተንዶ መኪና ሁሉ ቆሞ ነበር፤ ናዳውን የምንጠርገው እኛው ነን። መልሱ ስለዘገየ ቸል አለኝ እንዳይሉኝ።

ለመጪው ገና መጥተህ ያቋረጥኸውን ጨዋታ ፈጽም ብለውኛል። ባላምባራስ ካሴ ያችኑ እሩር ከምሰሶው አውርደው ደምለው ከወደቀበት ይጥሏታል፣ ስትቋጠር ዱላህ በእጅህ ከተገኘ ያለፈውም ዓመት ከጨዋታ ይቆጠርልሃል፣ አንሙትም በደብሩ ደጅ ቆሞ እሺ ብሏል ብለውኛል። ይህን ለማግኘት ስንቱን ደጅ እንደጠኑ አላጣሁትም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግን አልመጣም።

አንሙትን ፈርቶ ነው ይሉኝ ይሆናል። እሱንስ እፈራዋለሁ፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል? ከሱ ይበልጥ የምፈራው ግን እጄን ነው። እዚህ ልጆች ጥንግ ሲጫወቱ ሳይ ዞሬ እሄዳለሁ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ የዶማ እጀታ ይዞ ድንጋይ ሲመታ፣ ያን የእንጨት ድምፅ ሰማሁና ሥራዬን ጥዬ ወደ ማደሪያዬ ገባሁ። ዳግመኛ ዱላ አልጨብጥም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። እንዴት ብዬ ነው እሱ በወደቀበት ላይ የምሮጠው?

ሰማዩ ሲጠራ ከምንሠራበት ሆኜ ከዓባይ ማዶ የጎጃምን ገደል አየዋለሁ። ቅርብ ነው፤ ቅርብነቱ ነው የሚገድለኝ። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ወደ ጅማ ልወርድ አስቤያለሁ። እዚያ ቡና ለቃሚ ይፈልጋሉ አሉ። እናቴን አደራ። ሞቷል ይበሏት ብዬም ነበር፤ ያ ደግሞ ጭካኔ ሆነብኝ።

አበረ


ይጁቤ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለአበረ፣

እስካሁን ጅማ አለመውረድህን ወረቀታችንን ከሚያመላልሰው ነጂ ሰማሁ። መውረድ ከፈለግህ ውረድ። አንሙትም እግር አለው። በጥቅምት ደጀን ወርዶ ነጂዎቹን ሲያጠያይቅ ሰንብቶ ተመልሷል። ስምህን የሚያውቅ ነጂ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያን ሳምንት መኪናው ተበላሽቶበት አልወረደም። በዚህ ነው ያለኸው።

እውነቱን ልንገርህ። የምጠራህ ስለ አንተ ብዬ አይደለም። አንተን አንድ ቀን እወድሃለሁ፣ በማግስቱ ቤቴ ስገባ ባዶውን የደምለውን መደብ አያለሁ፣ እጠላሃለሁ። ይህ እስክሞት የሚለቀኝ አይመስለኝም። ነገር ግን የቀረኝ አንድ ልጅ ነው። አንተን የገደለ ዕለት ወይ መንግሥት ይሰቅለዋል፣ ወይ ያንተ ዘመዶች ይደፉታል፣ ወይ ዱር ገብቶ አውሬ ይሆናል። ለእኔ ሁሉም ያው ነው። የብርጓል ምንሽሩ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ነው የምትተኛው፤ እሱ ሊያወርደው ሲመጣ እንድትነቃ። ሴትዮዋ እንቅልፍ ካጣች ዓመት ሊሞላት ነው። አንዱን ወሰድህብን፤ ሌላውን መልስልን።

እጄን ፈራሁ ላልኸው፣ እጅህን አስለምደው። አንተ ፊደል የለየኸው በአንድ ቀን ነው? "ሀ" እና "ሐ" እየተምታቱብህ ስታለቅስ ነው የባጀኸው። ያኔም አቃተኝ ብለህ ሁለት ጊዜ ጠፍተህ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈልጎ ያመጣህ ደምለው ነው።

ደግሞ ይህን አጥብቄ እነግርሃለሁ። ስትመጣ እንዳትለግም። ልሽነፍለትና ይብረድለት ብለህ እጅህን ብታላላ ሕዝቡ ያውቅብሃል፣ አንሙትም ያውቅብሃል። ወንድሙን የገደለ ሰው ጨዋታ መጸወተው ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰውም። ለማሸነፍ ተጫወት። ብታገኝ ቅማው፣ ቢያገኝህ ይቀማህ። ከኋላው አትምታ፣ ከወደቀ ላይ እሩር አትውሰድ። ደምለው እንዴት ይጫወት እንደነበር ታውቃለህ፤ እንደሱ ተጫወት።

ትመጣ እንደሆነ ጻፍ። የማትመጣም እንደሆነ ጻፍ፤ ለየብርጓል ቁርጡን ልንገራት።

መሪጌታ አካለ ወልድ


ጎሐ ጽዮን፣ ታኅሣሥ ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

የኔታ፣

እመጣለሁ። የገና ዋዜማ እደርሳለሁ።

ወረቀትዎ በደረሰኝ ማግስት ከወይራ ሥር ዱላ ጠርቤ እሩር አለዘብሁ። ከሥራ ስንወጣ ሌሎቹ ወደ ጠላ ቤት ይሄዳሉ፣ እኔ ከጠጠሩ ክምር ጀርባ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ዱላውን አነሣና መልሼ አስቀምጬው እቀመጣለሁ። በማግስቱም ያው። አንድ ቀን መታኋት፣ ሄደች፤ ተከትዬ አልሮጥሁም፣ ቆሜ አለቀስሁ። አሁን እሮጣለሁ። እሩሯ ከመሬት በተነሣች ቁጥር እሱን አየዋለሁ፤ እያየሁትም እሮጣለሁ። ዝቅ አድርጎ መምታትን ለምጃለሁ። ጓደኞቼ ይህ የጎጃም ሰው ለየለት እያሉ ይስቁብኛል።

እንዳሉኝ ለማሸነፍ ነው የምጫወተው። የታች ሰፈር ልጆች እኔን ከወገናቸው ማሰለፍ ከፈሩ ግን አይፍረዱባቸው።

አንድ አደራ አለኝ። ብወድቅ ማንም እንዳያነሣኝ። ውኃም እንዳያመጡልኝ። ባላምባራስ ካሴ እሩሯን እስኪቋጥሯት ድረስ በወደቅሁበት ልቆይ። እናቴም ያን ቀን ወደ መስኩ እንዳትመጣ፤ ስወድቅ ካየች ትገባለች።

እመት የብርጓልን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ እሺ ካሉዎት።

አበረ


ይጁቤ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ለተኛው ለልጄ ለአበረ፣

በእናትህ እጅ የላክኸውን ወረቀት አገኘሁ። ፊደልህ ቀና ብሏል። ተኝቶ የሚጽፍ ሰው ፊደሉ ቀና ሲል አሁን አየሁ።

ማን አሸነፈ ብለሃል። ተሸነፋችሁ። የላይ ሰፈር አሸነፈ። አንተ ከወደቅህ በኋላ አንድ ሰው ጎደላችሁና አልቻላችሁም።

ከወደቅህ በኋላ ያለውን አላስታውስም ብለሃል፤ እኔ ከደብሩ አጥር ሆኜ አይቻለሁ። እሩሯ በሁለታችሁ መካከል ነበረች። ሁለታችሁም ዱላችሁን ሰነዘራችሁ፤ አንተ እሩሯን አገኘሃት፣ አንሙት ጉልበትህን አገኘው። ድምፁ እኔ ድረስ መጣ። ሆን ብሎ ነው ወይ ብለህ አልጠየቅኸኝም። እኔ ግን ጠይቄዋለሁ፤ አባቱ ነኝ። "አላውቅም" አለኝ። አምኜዋለሁ። የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር።

ስትወድቅ አንሙት ቆሞ አየህ። ከዚያ ዱላውን ወዲያ ጣለና ሊሸከምህ ጎንበስ አለ። አበረ፣ ያን ጊዜ ደሜ ቀጥ አለ። ከመስኩ ይዞህ ቢወጣና ብትሞት ደሙ በሱ ላይ ነበር፤ ዘመዶችህ ከዳር ቆመው ያያሉ። ዘንድሮ ተው የሚል ሰው እንኳ አልተገኘም።  አንተ ከመሬት ላይ ሆነህ እጁን ያዝኸው።

"ዱላህን አንሣ" አልኸው። "እሩሯ አልተቋጠረችም።"

ይህን ነው የማታስታውሰው። ከሱ አጠገብ የነበሩት ሁሉ ሰምተዋል። አንሙት ዱላውን አነሣ። ጨዋታው ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ቀጠለ፤ አንተ በመካከል ተጋድመህ፣ ዱላህ በእጅህ፣ ሌሎቹ በላይህ እየዘለሉ። አንድ ጊዜ እሩሯ ወዳንተ ስትንከባለል ተኝተህ መታሃት። ባላምባራስ ካሴ ሲቋጥራት ሁለት ጊዜ ቋጠራት፤ አንዱን ለዓምና፣ አንዱን ለዘንድሮ። ከዚያ በኋላ ነው በቃሬዛ ያነሣንህ፤ ዱላውን ከእጅህ ለማስለቀቅ ጣቶችህን አንድ በአንድ ፈታናቸው።

መቼ እነሣለሁ ላልኸው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ደብቄሃለሁ፤ ዘንድሮ አልደብቅህም። ሐኪሙ ለእናትህ ነግሯታል፣ እሷ ልትነግርህ አቅቷት እኔ ዘንድ መጥታ አለቀሰች። እግርህ አይድንም። ቁስሉ ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ ከጉልበትህ በላይ ሊቆርጡት ነው። አልሆንም ብለህ እንዳትሞትብኝ። በአንድ እግር ማረስ አይቻልም፣ መንገድ መሥራትም አይቻልም፤ ፊደል ማስቆጠር ግን ይቻላል። እኔም ዐይኔ እየደከመ ነው። ወደ ቤቴ ትመጣለህ። መደቡ ባዶ ነው። የብርጓልን ጠይቄያት ነበር፤ በማግስቱ መደቡን ስትለቀልቅ አገኘኋት።

የላይ ሰፈር ልጆች ያንለት ማታ ደጅ ለደጅ እየዞሩ የተሸነፈውን ሁሉ እንደ ልማዱ ሰደቡ። ዓምና የዘፈነ አልነበረም። ዘንድሮ ያንተ ቤት ደጅ ሲደርሱ ዝም ብለው ያልፋሉ ብዬ ነበር። አላለፉም፦

ዓባይን ተሻግሮ ሲመጣ አበረ፣
እሩሯን ለእኛ ሰጥቶ ባዶ እጁን አደረ።

እናትህ ተናዳብኛለች፤ ልጄ ሊሞት ነው እነሱ ይሰድቡታል ትላለች። እኔ አጥር ሥር ቆሜ አለቀስሁ። ደመኛን ማን ይሰድባል? የሚሰደበው የተጫወተ ሰው ነው።

ምንሽሩ ተሸጧል። ይህን ወረቀት ያመጣልህ አንሙት ነው። ጠጉሩን ስለተላጨ ስታየው ትደነግጥ ይሆናል፤ ከስቷል፣ እህልም በቅጡ አይበላም። እግርህ እንደሚቆረጥ ነግሬዋለሁ፤ ወዲያው መንገድ ጀመረ። ሳይጠራህ እንዳትገባ ብዬዋለሁና አሁን ከክፍሉ በር ውጪ ቆሟል። አንብበህ ስትጨርስ ጥራው።

አባትህ
አካለ ወልድ